ስለ ስበት ሞገድ ለወላጆች ልናገር ነው፤ እናቴ ግን ገና በመጀመሪያው ምሳሌ አስቆመችኝ

የደሴዋ መምህርት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ደሴ ውስጥ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። 11ኛ እና 12ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። በታኅሣሥ ትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ያዘጋጃል። ርዕሰ መምህራችን ጠርተውኝ «ከሳይንስ አንድ ነገር አቅርቢ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ግን አትድገሚ። ዛሬ ዓለም ላይ ምን እየተሠራ እንደሆነ ወላጆች ይስሙ» አሉኝ። 20 ደቂቃ ተሰጠኝ። ብዙ ሳላስብ የስበት ሞገድን መረጥኩ፤ ሕዋን ራሱን እየለጠጠና እያጠበበ የሚጓዝ ሞገድ ነው።

ለምን እሱን? የካቲት 3 ቀን 2008 ዜናው ሲነገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሆነን ዶርም ውስጥ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን መግለጫውን እንከታተል ነበር። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይመጣል። አሜሪካ ያለው የስበት ሞገድ መለኪያ፣ የላይጎ ኃላፊ ዴቪድ ራይትዚ «የስበት ሞገድ አግኝተናል፤ ተሳክቶልናል» ሲሉ ግን ጥርት ብሎ ተሰማን። አንስታይን በፈረንጆቹ 1916 በወረቀት ያሰላው ነገር ከ100 ዓመት በኋላ በመሣሪያ ተለካ ማለት ነው። ያን ምሽት የካፌው እራት አለፈን። ማናችንም አልተቆጨንም።

ሞገዱ ራሱ የተመዘገበው ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ መስከረም 3 ቀን 2008 ነው። አዲስ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን። ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ሆነ። የምሳ ሰዓት ነው። ከ1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት የመጣ ሞገድ በዚያች ቅጽበት ምድርን ሙሉ አቋርጦ አለፈ። በጦሳ ተራራ አለፈ። ወጥ በምታማስለው እናቴም ውስጥ አለፈ። ይህን ለወላጆች የመንገር ጉጉቴ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

እናም መጀመሪያ በእናቴ ሞከርኩት።

እናቴ ትምህርቷን 6ኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። በርበሬ ነጋዴ ናት። ሒሳብ ላይ ማንም አይቀድማትም። ወንድሞቼን አንሶላ በአራት ማዕዘን አስያዝኳቸውና መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ድንች አስቀመጥኩ። አንሶላው ረገበ። ከዚያ ሎሚ ለቀቅኩ። ሎሚው እየተንከባለለ ወደ ድንቹ ሄደ። «አየሽ እማዬ፣ ድንቹ ፀሐይ ነው፣ ሎሚው መሬት ነው። ፀሐይ ዙሪያዋን ያለውን ሕዋ ስለምታጎብጠው ነው መሬት ወደ እሷ የምትሳበው» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ሎሚውን ቁልቁል የሚስበው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የመሬት ስበት።»

«ታዲያ ስበትን በስበት ነው እንዴ የምታስረጂኝ?»

መልስ አጣሁ። ለዓመታት ክፍል ውስጥ ያንኑ አንሶላ ስዘረጋ ኖሬያለሁ። አንድም ተማሪ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ምናልባት አንዳንዶቹ አስበውት ፈርተውኝ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ያሳዝነኛል።

ቀጥላ ደግሞ ሁለት ጥያቄ አከለች። «ማን አየው?» እና «ለእኛ ምን ይሠራልናል?»

ሰዎችን ስለ ሰማይ ማነጋገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ በጨረቃ ስትሸፈን፣ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ እኔ ሰፈራችን ዛፍ ሥር የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ ነበር። በቅጠሎቹ መሃል የሚያልፈው ብርሃን መሬቱ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ማጭዶች ሠራ። እያንዳንዱ ማጭድ የፀሐይ ምስል ነው። አሮጊቶች ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አዩ። ያን ቀን ማብራራት ቀላል ነበር። ነገሩ መሬት ላይ ተኝቶ ይታያል። የስበት ሞገድ ግን አይታይም፣ አይዳሰስም። መሣሪያውም እዚህ የለም።

እባካችሁ፣ በዚህ ሙያ ያላችሁ ወይም ለሕዝብ የማስረዳት ልምድ ያላችሁ እርዱኝ። ከአንሶላው ሌላ ምን ምሳሌ አለ? «ማን አየው» ለሚለው ምን ልመልስ? አሳንሼ መንገር አልፈልግም። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች እንደ እናቴ ያሉ ናቸው።

ተማሪ ነኝ

መምህርት፣ ለምን ዝም ብለሽ ቪዲዮ አታሳዪም? ያንን ሞገድ የፈጠሩት ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች እየተሽከረከሩ ሲጋጩ የሚያሳይ በጣም የሚያምር አኒሜሽን አለ። አባቴ አይቶት «ዋው» ብሏል። ሰው ዋናው ነገር ከገረመው በቂ ነው። ፊዚክስ የሚወደው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሐኖቨር

እህቴ፣ ጽሑፍሽን በባቡር ላይ ነው ያነበብኩት። የምወርድበትን ጣቢያ አልፌ ሄድኩ።

ጀርመን ሐኖቨር ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ሥራዬ ሌዘር ላይ ነው። ከከተማው ወደ ደቡብ፣ እርሻ መሃል፣ ጂኦ 600 የሚባል የስበት ሞገድ መሣሪያ አለ። ክንዶቹ 600 ሜትር ናቸው። ላይጎ ውስጥ የሚሠሩ አንዳንድ ዘዴዎች መጀመሪያ እዚህ ነው የተፈተኑት። ጎብኚ ሲመጣ አንዳንዴ እኔ ነኝ የማስጎበኘው። ገበሬ ይመጣል፣ ጡረተኛ ይመጣል፣ ሕፃናት ይመጣሉ። ስለዚህ የእናትሽ ጥያቄ ለእኔም በየጊዜው ይመጣል።

በቅድሚያ እናትሽ ልክ ናቸው። የአንሶላውን ምሳሌ ብዙ የፊዚክስ ሰዎች ራሳቸው የሚነቅፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ተይው። ምሳሌ እስከሚያስኬድ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሲሰበር ደግሞ ሰው የሚያስታውሰው ስብራቱን ነው።

ከተማሪው ወንድሜ ጋር ግን አልስማማም። አኒሜሽኑ ያምራል። ግን ማንም ያንን ግጭት በዓይኑ አላየም። በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ነው። ወላጆች ፊልም አይተው ነው የሚወጡት። ነገ ደግሞ ሌላ ፊልም አይተው የውሸቱን ከእውነቱ መለየት አይችሉም። ካሳየሽው «ይህ ፎቶ አይደለም፤ በስሌት የተሳለ ነው» ብለሽ ንገሪያቸው።

እኔ ብሆን ከ«ማን አየው» ነው የምጀምረው። ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ እሱ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2003 ላይ የላይጎና የጣሊያኑ ቪርጎ መሣሪያዎች አንድ ግልጽ ምልክት ያዙ። የመጣበት አቅጣጫ ትልቁ ውሻ ወደሚባለው የከዋክብት ስብስብ ስለመሰለ ስሙን «ትልቁ ውሻ» አሉት። ሰዎቹ ስድስት ወር ሙሉ ሠሩበት። ስሌቱን ደጋግመው አረጋገጡ። ለኅትመት የሚሆን ጽሑፍ ሳይቀር ጻፉ። መጋቢት 2003 ካሊፎርኒያ፣ አርካዲያ ከተማ ተሰበሰቡ። እዚያ «ፖስታው ተከፈተ»። ምልክቱ የውሸት ነበር! ጥቂት የተመረጡ የቡድኑ ሰዎች፣ ሌሎቹ ሳያውቁ፣ ሆን ብለው መሣሪያው ውስጥ አስገብተውት ነበር። እውነተኛው ቢመጣ እንለየዋለን ወይ ብለው ራሳቸውን ሊፈትኑ። ሁሉም እንዲህ ያለ ፈተና ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል፤ መቼ እንደሆነ ግን አያውቅም።

አሁን መስከረም 3 ቀን 2008ን አስቢው። እዚህ ሐኖቨር ከጠዋቱ 11 ሰዓት ከ50 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ማርኮ ድራጎ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ ቢሮው ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ ላከለት። ከፍቶ አየው። ምልክቱ ከመጠን በላይ ጥርት ያለ ነበር። የመጀመሪያ ሐሳቡ «ይህ የፈተና ምልክት ነው» የሚል ነበር። ወደ ሥራ ባልደረባው ክፍል ሄደ። አሜሪካ ወዳሉት መቆጣጠሪያ ክፍሎች ደወሉ። ከዚያ ለመላው ቡድን «ይህን ያስገባ ሰው አለ?» ብሎ ጻፈ። አለሁ ያለ አልነበረም። እንዲያውም በዚያ ሰሞን መሣሪያው መደበኛ ሥራውን ገና አልጀመረም፤ የመጨረሻ ፍተሻ ላይ ነበር።

ለወላጆች ይህን ንገሪያቸው። የመጀመሪያው ሰው ሲያየው አልጨፈረም። ተጠራጠረ። ከዚያም ከ1,000 በላይ ሰዎች አምስት ወር አፋቸውን ዘግተው መረመሩት።

ሁለተኛው ነገር ምስክር ነው። እኛ አገር አንድ ምስክር አይበቃም። ሽማግሌ ሁለት ይፈልጋል። ላይጎም እንደዚያው ነው። አንዱ መሣሪያ ሃንፎርድ ነው፣ ዋሽንግተን ግዛት። ሌላው ሊቪንግስተን ነው፣ ሉዊዚያና። በመካከላቸው 3,000 ኪሎ ሜትር አለ። አንደኛው ጋ ከባድ መኪና ቢያልፍ፣ ዛፍ ቢወድቅ፣ ሌላኛው አይሰማም። ያን ቀን ሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት መዘገቡ። ሊቪንግስተን ቀደመ። ሃንፎርድ በ7 ሺህኛ ሰከንድ ተከተለ። ብርሃን ያን ርቀት ለመሄድ 10 ሺህኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። የስበት ሞገድ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነውና ልዩነቱ ከ10 ቢበልጥ ኖሮ ምስክሮቹ ይጣሉ ነበር። አልተጣሉም።

መሣሪያውን ለማሳየት የትምህርት ቤቱን ሜዳ ተጠቀሚ። አንድ የሌዘር ብርሃን ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በአንደኛው ክንድ፣ ሌላው በሌላኛው ክንድ 4 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከመስታወት ተመልሶ ይመጣል። ሲገናኙ እንዲጠፋፉ ተደርጎ ተስተካክሏል። የአንዱ ክንድ ርዝመት ቅንጣት ታህል ከተለወጠ መጠፋፋቱ ይበላሻል፤ ብርሃን ሾልኮ ይወጣል። ያንን ነው የምንለካው። እኩል የሚሮጡ ሁለት ተማሪዎች ምረጪ። ከአንድ ነጥብ ተነስተው አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ 40 ሜትር ሮጠው ይመለሱ። እኩል ከደረሱ ክንዶቹ እኩል ናቸው። አንዱ ከዘገየ መንገዱ ረዝሟል። ሕፃናት ይወዱታል፣ አዋቂም ይገባዋል።

የለውጡ መጠን ግን ቁጥር ብቻ ከሆነ ማንም አይሰማውም። እኔ ለጎብኚዎች እንዲህ ነው የምላቸው። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ያለችው ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ወደ 40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ያ ርቀት በአንዲት ፀጉር ውፍረት ቢለወጥ፣ ላይጎ ያን ቀን የለካው ለውጥ በዚያ ልክ ነው። ይህን ስናገር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ድምፁንም አሰሚ። ሞገዱ ከ35 ተነስቶ በሰከንድ ወደ 250 ንዝረት ደርሶ ያበቃል። ጆሮ የሚሰማው ክልል ውስጥ ነው። ከ0.2 ሰከንድ አይበልጥም፤ ከወፍራም የበገና ድምፅ ተነስቶ ወደ ክራር ቀጭን ድምፅ የሚምዘገዘግ ዓይነት ነገር። ግን ተጠንቀቂ። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣውም። ትልቅ ስፒከር ፈልጊ። ወይም ላይጎ ራሱ ቀጠን አድርጎ ያወጣውን ቅጂ ተጠቀሚና ቀጥኗል ብለሽ ንገሪያቸው። ሕዋ ውስጥ አየር የለም፤ ድምፅ አልተጓዘም። መሣሪያው የለካውን ነው በስፒከር የምናሰማው። ይህን ካልነገርሻቸው እናትሽ ያስቆሙሻል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር

ልጄ፣ 38 ዓመት አስተምሬያለሁ። አንሶላው ለእኔም ያገለግለኝ ነበር፤ እናትሽ ግን ጥሩ አድርገው አጋለጡት።

እኔ የምመክርሽ ሹራብ ነው። ደሴ ብርድ ነውና ሹራብ የሌለበት ቤት የለም። ሁለት ልጆች ከላይና ከታች ይዘው ይሳቡት። ሲረዝም ይጠብባል። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ይሳቡት። ሲሰፋ ያጥራል። እንደዚያ እያፈራረቁ ይድገሙት። የስበት ሞገድ በሚያልፍበት ቦታ የሚያደርገው ይህንን ነው። በአንድ በኩል ይለጥጣል፣ በሌላው በኩል ያጠብባል፣ መልሶ ይገለብጠዋል። የላይጎ ክንዶች ሁለት ሆነው በማዕዘን የቆሙትም ለዚህ ነው። አንዱ ሲረዝም ሌላው ያጥራል። ነጠላ አይሆንም፤ አይለጠጥም። ሞክሬዋለሁ።

ሹራቡ ስበት ከየት እንደሚመጣ አያስረዳም። ያስረዳል አትበይ። የሚያሳየው ሞገዱ ሲያልፍ የሚሆነውን ብቻ ነው። ይህን ገደቡን ንገሪያቸው።

ስለ ጥቅሙ ሲጠይቁሽ አትሽሺ። ለስበት ሞገድ ዛሬ የቤት ውስጥ ጥቅም የለውም። እንዲሁ በይ። ከዚያ ግን የዚያው የአንስታይን ሐሳብ ሌላው ፍሬ ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ አሳዪያቸው። የስልካቸው ካርታ መንገድ የሚያሳየው ሳተላይት ላይ ባሉ ሰዓቶች ነው። እነዚያ ሰዓቶች ከምድሩ ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማሉ። ስበትና ፍጥነት ጊዜን ስለሚለውጡ ነው። ባይታረም ኖሮ ስሕተቱ በአንድ ቀን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ደሴ የሚሄደው ሹፌር ኮምቦልቻ አካባቢ ይጠፋ ነበር ማለት ነው። አንስታይን ያንን ሲያስብ ሳተላይት የሚባል ነገር አልነበረም።

የሬዲዮ ሰው

እኔ ደግሞ ከቃላት በኩል ልርዳሽ።

«ሞገድ» ስትዪ ትልልቅ ሰዎች የሚያስቡት ሬዲዮን ነው። አጭር ሞገድ፣ መካከለኛ ሞገድ እየተባለ ነው ያደጉት። «ታዲያ በሬዲዮ ይያዛል?» ይሉሻል። ከሐይቅ ውሃ ጀምሪ። ድንጋይ ሲወረወር ክቡ እየሰፋ ይሄዳል። ከዚያ «ይህኛው ሞገድ ውሃውን ሳይሆን ርዝመትን ራሱን ነው የሚያናውጠው» በዪ።

«ቲዎሪ» የምትለውንም ቃል ጠንቀቅ። በእኛ አነጋገር «እሱ ቲዎሪ ነው» ማለት ወሬ ነው፣ መሬት ላይ የለም ማለት ነው። የአንስታይን ቲዎሪ ስትዪ ያልተረጋገጠ ነገር ይመስላቸዋል። «ጥቁር ጉድጓድ»ም እንዲሁ። መሬት ተቆፍሮ የሚታያቸው ብዙ ናቸው። ጉድጓድ ሳይሆን በጣም ብዙ ቁስ በጣም ጠባብ ቦታ ታጭቆ ብርሃን እንኳ የማይወጣበት ነገር እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ።

አንድ የራሴን ነገር ልጨምር። መስከረም 2004 ላይ፣ ያኔ በምሠራበት ጣቢያ፣ «ከብርሃን የሚፈጥን ቅንጣት ተገኘ፤ አንስታይን ተሳሳተ» የሚል ዜና አነበብኩ። ስዊዘርላንድ ካለው የሰርን ላቦራቶሪ ተነስተው ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ወዳለው ላቦራቶሪ 730 ኪሎ ሜትር የሄዱ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ቀድመው ደረሱ ተብሎ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው «እርግጠኛ አይደለንም፤ መርምሩልን» ብለው ነበር ያወጡት። እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር ቆረጥኩት። ዜናው ስለሚቀዘቅዝ። በየካቲት አንድ የኦፕቲክ ገመድ በደንብ እንዳልተሰካ ታወቀ። በሰኔ ነገሩ ተዘጋ፤ ኒውትሪኖ ከብርሃን አይፈጥንም። እኔ ግን ማስተካከያውን አላነበብኩም። ከዓመታት በኋላ አንድ የታክሲ ሹፌር «አንስታይን እኮ ተሳስቷል፣ በሬዲዮ ሰምቻለሁ» ሲለኝ ድምፄን አላወቀውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መምህርት፣ የጥርጣሬውን ክፍል እንዳትቆርጪ። ጊዜ ካጠረሽ ሌላውን ቁረጪ።

የደሴዋ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑ ባለፈው ቅዳሜ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ወደ 150 ሰው መጣ። ስፒከሩን ለሰርግ ከሚያከራይ ጎረቤት ተዋስን። አንሶላው እቤት ቀረ። የሩጫው ነገር ሜዳ ላይ ጥሩ ሆነ። ሹራቡን ደግሞ ልጆች ሳይሆኑ ሁለት አባቶች ተነስተው ያዙት። አንደኛው «ሲረዝም የሚጠበውን አየሁት፤ ግን አንደኛው ክንድ ሲረዝም የሚለካው ሜትርም አብሮ አይረዝምም ወይ?» አሉ። ጋሼ፣ የእርስዎ ሹራብ ነው ይህን ያስጠየቀው! ብርሃኑ ራሱ ነው ሜትራችን፣ መንገዱ ሲረዝም ዘግይቶ ይደርሳል አልኳቸው። ሙሉ መልስ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ከሐኖቨር ያለኸው ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በደንብ ጻፍልኝ፤ ወረቀቱን ይዤላቸው እሄዳለሁ።

ከሁሉም በላይ የያዛቸው የፖስታው ታሪክ ነው። ምልክቱ የውሸት ነበር ስል አዳራሹ ውስጥ «እ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ከኋላ የተቀመጡ፣ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ታዲያ ሁለተኛውስ የውሸት እንዳልሆነ በምን ታወቀ?» አሉ። ስለ ማርኮ ድራጎ፣ ስለ ደብዳቤው፣ አስገባሁ ያለ ሰው ስለመጥፋቱ፣ ስለ ሁለቱ ምስክሮች ነገርኳቸው። «7 ሺህኛ ሰከንድ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደህና። ይህ ይታመናል» አሉ።

ስለ ጥቅሙ የጠየቁት ሴት ነበሩ። ጋሼ እንዳሉት አደረግኩ፤ ዛሬ ለቤት የሚሆን ጥቅም የለውም አልኩ። የሳተላይቱን ሰዓት ነገርኳቸው። ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ቀለበት አየሁና ነሐሴ 11 ቀን 2009 የተመዘገበውን ሌላ ሞገድ አነሳሁ። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች፣ ማለትም ሞተው እጅግ የታመቁ ከዋክብት፣ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ተጋጩ። ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የጋማ ብልጭታ ተከተለ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ቴሌስኮፖች ወደዚያ ዞሩ። ከብርሃኑ እንደታየው እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች በእንዲህ ያለ ግጭት ይሠራሉ። የጣትዎ ወርቅ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው ማለቴ አይደለም አልኳቸው፤ ሌላም መንገድ ሊኖር ይችላል። ሴትዮዋ ቀለበታቸውን አዙረው አዩት። ጎረቤታቸውም የራሷን አየች። ረድፉ በሙሉ ጣቱን ማየት ጀመረ።

ስለ ሃይማኖት ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድም ሰው ለክርክር አላነሳውም።

ድምፁን መጨረሻ ላይ አሰማሁ። መጀመሪያ እንዳለ፣ ከዚያ የቀጠነውን። ሲጀመር ማንም አልሰማውም፤ አልቆ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ አስደገሙኝ። 20 ደቂቃው 55 ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አላሳዩኝም።

እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ሁሉም ሊነሳ ሲል «አሁንስ የት ደረሰ?» አለች። አልገባኝም። «በእኛ ውስጥ ያለፈው። ቆመ ወይስ ይሄዳል?»

ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ አሰላሁላት። ከመስከረም 2008 እስከ ዛሬ አሥር ዓመት አልፏል፤ በብርሃን ፍጥነት ነው የሚሄደው። ከ10 የብርሃን ዓመት በላይ ርቋል። ቅርቧ ኮከብ ካለችበት ርቀት ድሮ አልፏል። ሲሪየስ ካለችበት 8.6 የብርሃን ዓመትም አልፏል። እየደከመ፣ እየደከመ፣ ግን ይሄዳል።

«እና እነሱ ጋ ሲደርስ የሚሰማው ሰው አለ?» አለች እናቴ።

ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ።